ማጅራትሽን በክርን አታስደቁሺ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ይህን ያህል ጊዜ መጥፋቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በዪኝ። ስለ ሌላው ሌላ ቀን እንጫወታለን። እህትሽ ደውላ ራስ ምታቱ ሦስተኛ ወሩን እንደያዘ፣ ማጅራትሽንም በክርን እያስደቆስሽ ቆዳሽ እስኪበልዝ እንደደረሰ ነገረችኝ። ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል?

የሚያምሽ ቦታና የሕመሙ ምንጭ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደው ጡንቻ ሲቋጠር ሕመሙን በአንገት ጎን ሽቅብ ሰድዶ ከጆሮ ጀርባ እስከ ግንባር ጎን ያደርሰዋል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ያከመችው ዶክተር ጃኔት ትራቬል ብዙ የደከመችው ይህን የሕመም መንገድ በመከታተል ነው። እና ልጠይቅሽ፣ ስልኩን በጆሮና በትከሻሽ መሐል አጣብቀሽ ማውራቱን አሁንም አልተውሽም አይደል? አውቅሻለሁ እኮ! ያ ጡንቻ ሳያርፍ የሚውለው በዚያ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ተቀመጪና ክንድሽን ጭንሽ ላይ አሳርፊው፤ ከተንጠለጠለ ጡንቻው ይወጠራል። በሌላው እጅሽ የትከሻሽን ሥጋ በአውራ ጣትና በጣቶችሽ መሐል አንሥተሽ ያዢ። እንደ ገመድ የሚንሸራተት ነገር ታገኛለሽ፤ እሱን ተከትለሽ ስትሄጂ እንደ ጠጠር የምትጠነክር ነጥብ አለች። ተጭነሻት «ይኸው ራስ ምታቴ!» ካልሽ እሷ ናት። ቀስ እያልሽ ጨምሪና ሕመሙን ከ10 ብትለኪው 5 ወይም 6 ሲሆን እዚያው ያዢ። አትፈትጊ፣ አታሽከርክሪ፤ ጠብቂ ብቻ። ከ30 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ሕመሙ ወደ 2 ወይም 3 ይወርዳል፣ ጠጠሯም ከጣትሽ ሥር ትላላለች። ልቀቂና 3 ጊዜ ድገሚው። ከዚያ ራስሽን ወደ ሌላው ጎን አዘንብለሽ 30 ሰከንድ በቀስታ ሳቢው። በማግስቱ ትንሽ ቢቆረቁርሽ አትደንግጪ፤ ከ2 ቀን ካለፈ ግን አብዝተሻል ማለት ነው።

ስትጫኚ ትንፋሽሽን ከያዝሽ ወይም ጥርስሽን ከነከስሽም ጫናው በዝቷል። ሰውነት ጥቃት የመጣበት ሲመስለው ጡንቻውን መልሶ ያጠነክረዋል፤ በክርን ስትደቆሺ ከርመሽ የባሰብሽ ለዚህ ነው። «የጡንቻውን ሽፋን ልፈታልሽ» የሚልሽንም አትስሚው። ሽፋኑ እጅግ ጠንካራ ነው፣ በእጅ ጉልበት ቅርጹን አይለውጥም። እፎይታው የሚመጣው ነርቭ ሲረጋጋና ጡንቻው ሲላላ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይሠራም።

ይቺን ደግሞ... ላስፈራሽ ፈልጌ አይደለም፣ ግን ሳልላት አላልፍም። የአንገትሽን ፊት፣ የደም ሥሩ የሚመታበትን ቦታ፣ ማንም እንዳይጫንሽ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከጀመርሽም ጠንካራ ማሸት ይቅርብሽ። እጅሽ ከደነዘዘ፣ ዕቃ ከእጅሽ እያመለጠ ከወደቀ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ራስ ምታቱ ከእንቅልፍሽ ከቀሰቀሰሽ ይህን ሁሉ ተይውና ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሂጂ አልኩሽ፣ «ነገ» እንዳትዪኝ።

ዛሬ ማታ ሞክሪውና ጻፊልኝ። ነጥቧን ስትጫኚ ሕመሙ የት ድረስ እንደሄደ፣ በስንት ሰከንድ እንደላላ፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ። ካልላላ ቦታውን ስተሽው ይሆናል፤ አብረን እንፈልጋታለን።

ናፋቂሽ