ተማሪውን መድረክ ላይ ሳናቆም እንርዳው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲዎች ከምሩቃንና ከለጋሾች ገንዘብ ስለሚያሰባስቡበት መንገድ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ምሩቅ ለተማረበት ተቋም መስጠት አለበት የሚለውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ ራሴ በሰው እርዳታ የተማርኩ ነኝ። ከተመረቅኩ በኋላም ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሂሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። የክፍያውን መስኮት ከውጭም ከውስጥም አውቀዋለሁ።

የምጽፈው ግን ጽሑፉ እንደ መልካም ምሳሌ ስላነሳው አንድ ነገር ነው። ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ የእራት ግብዣ ላይ ድጋፍ የሚያገኙ ተማሪዎች እየተጠሩ ወደ መድረክ ወጡ፤ በለጋሾቹ ፊት ስለ ቤተሰባቸው ችግር መሰከሩ፤ ብዙ ገንዘብም ተሰበሰበ ይላል። ይህ አሠራር እንዲቀር ከልቤ እለምናለሁ።

ምስክርነት በእኛ በአማኞች ዘንድ የከበረ ነገር ነው። ሰው እግዚአብሔር ያደረገለትን ልቡ ሞልቶ በገዛ ፈቃዱ የሚናገረው ነው። የሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያው በሌላ ሰው እጅ ያለ ልጅ ግን “አይ፣ እኔ አልናገርም” ማለት ይችላል? አይችልም። ይሉኝታ ይይዘዋል። ፍርሃትም አለ። የጠየቀው ሰው የቱንም ያህል ትሁት ቢሆን ለውጥ የለውም።

እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ባለ መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። የአባቴን ሕመምና የእናቴን ዕዳ ለማላውቃቸው ሰዎች ተናገርኩ። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ያለቀሱም ነበሩ። ዛሬም ስማቸውን በጸሎት አነሳለሁ። በማግስቱ ግን ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ “እናትሽ እንዴት ናት?” ብላ ጠየቀችኝ። ስለ እናቴ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። አዝና ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መቀመጫዬን ቀየርኩ፤ ጓደኝነታችንም በዚያው ቀረ።

በኋላ ሠራተኛ ስሆን ያየሁት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እርዳታ ያገኘ ሰው መድረክ ላይ እንደሚወጣ ተማሪዎች ያውቃሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ጭራሽ አያመለክቱም። በተለይ የሰው እጅ ማየት ነውር ነው ተብሎ በሚታመንበት ቤት ያደጉት። ትምህርት ማቋረጫውን (ዊዝድሮው) ፎርም ይሞላሉ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ “የግል ጉዳይ” ብለው ይጽፋሉ፤ ክሊራንሳቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። እኔ ቀሪ ሂሳባቸውን ፊት ለፊቴ ስለማየው የግል ጉዳዩ ምን እንደሆነ ይገባኛል። አንዳንዴ የአንድ ኮርስ ክፍያ ነው። አንዳንዴ የመጨረሻ ዓመት ላይ የደረሰ ልጅ የዶርም ውዝፍ ነው። ስንት ዓመት የተደከመበት ትምህርት በዚያች ትንሽ ዕዳ ሲቆም ማየት ያማል፤ እስከ ዛሬም አልለመድኩትም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ጆርጂያ ስቴት የተባለው የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 አንድ ነገር ጀመረ። በትንሽ ዕዳ ምክንያት ከምዝገባ ሊሰረዙ የተቃረቡ ተማሪዎችን ሠራተኞቹ ራሳቸው ከሂሳብ መዝገቡ ይለያሉ። ተማሪው ማመልከቻ አይጽፍም። ታሪኩን እንዲናገርም አይጠየቅም። የጎደለችው ጥቂት መቶ ዶላር ትሞላለታለች፤ ትምህርቱን ይቀጥላል። አሠራሩ ብዙዎችን ለምረቃ አብቅቷል። ይህ ክርስቲያን ተቋም አይደለም። በክርስቶስ ስም የተሰየመ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ያነሰ ርኅራኄ ሊያሳይ አይገባም እላለሁ።

ደግሞም ይህ መንገድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በፓሪስ ያለው ሶርቦን በ1257 የተጀመረው ድሆች የነገረ መለኮት ተማሪዎች የሚኖሩበትና የሚማሩበት ቤት ሆኖ ነው። መሥራቹ ሮቤር ደ ሶርቦን የንጉሥ ሉዊ ዘጠነኛ ቄስ ነበር፤ እሱም የተወለደው ከድሃ ቤተሰብ ነው። በ1695 ደግሞ በጀርመን ሃለ ከተማ ኦገስት ሄርማን ፍራንከ የተባለው ፓስተር በምጽዋት ሣጥኑ ውስጥ አራት ታለርና አሥራ ስድስት ግሮሽን (የዚያ ዘመን የጀርመን ገንዘብ) አገኘ። በዚያው ገንዘብ መጽሐፍ ገዛ፤ የድሃ ልጆችን እንዲያስተምር አንድ ችግረኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀጠረ። ቆይቶም ለችግረኛ ተማሪዎች ነፃ ማዕድ አዘጋጀ፤ እነሱም በትምህርት ቤቶቹ ያስተምሩ ነበር። ይህን ታሪክ የምወደው ልጁ ለማኝ ሳይሆን መምህር ሆኖ ስለተረዳ ነው።

በአሜሪካ ኬንተኪ ግዛት የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅም እንዲሁ ነው። በ1855 የመሠረተው ባርነትን ይቃወም የነበረው ሰባኪ ጆን ፊ ነው። ኮሌጁ ከ1892 ጀምሮ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ሁሉም ተማሪ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል። ሁሉም ስለሚሠራ፣ ለትምህርቱም ማንም ስለማይከፍል፣ ተረጂው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወጪው የሚሸፈነው በአብዛኛው ለጋሾች ባለፉት ዘመናት ባጠራቀሙት ቋሚ ፈንድ፣ ማለትም ዋናው ተቀምጦ ከትርፉ በሚወጣበት ገንዘብ ነው። የኮሌጁ ቦርድ በ1920 ያለ ቅድመ ሁኔታ በኑዛዜ የሚመጣ ስጦታ ሁሉ ወደዚህ ፈንድ እንዲገባ ወሰነ። ሰጪዎቹ የትኛው ልጅ እንደሚማርበት ሳያውቁ ነው የሰጡት።

ቅድመ ሁኔታ ስል፣ ይህንንም በሥራዬ አይቻለሁ። አንድ ቸር ሰው በእናቱ ስም ስኮላርሺፕ ያቋቁማል። መልካም። ከዚያ የእንትን ትምህርት ክፍል ተማሪ ይሁን ይላል፤ የእገሌ ቤተ እምነት አባል ይሁን ይላል፤ ውጤቱም ከዚህ በላይ ይሁን ይላል። መስፈርቱን የሚያሟላ ልጅ ይጠፋና ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ ባንክ ውስጥ ይተኛል። በዚያው ሴሚስተር ግን በሌላ ትምህርት ክፍል ያለ ልጅ ሻንጣውን ይሸክፋል። በዚያ ላይ ቋሚ ፈንድ እንዳይመናመን በዓመት ከአራት እስከ አምስት በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው የሚወጣው። የአንድ ተማሪን የዓመት ወጪ ለመሸፈን የወጪውን ሃያ ወይም ሃያ አምስት እጥፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ያን ያህል የሚችል ጥቂት ነው። የቻለ ያድርገው፤ እሰየው። አብዛኞቻችን ምሩቃን ግን በየወሩ ትንሽ ትንሽ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ፣ ለችግር ጊዜ በተከፈተ ፈንድ ላይ ብንሰጥ ገንዘቡ በዚያው ሴሚስተር ሥራ ላይ ይውላል።

“ለጋሽ የሰጠውን ነገር ፍሬ ማየት ይፈልጋል፤ ልጆቹን ካላየ ልቡ አይነሳም” የሚሉኝ የድሮ ባልደረቦቼ አሉ። ሥራቸው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበው ባዶ እጃቸውን መመለስ አይችሉም። ሰጪ የማወቅ መብት እንዳለውም አምናለሁ። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ ምን አደረገ? ለቆሮንቶስ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እንደ ገቢያቸው እንዲያስቀምጡ ነገራቸው፤ እሱ ሲመጣ መዋጮ እንዲጀመር አልፈለገም። ማንም በገንዘቡ ነገር እንዳይነቅፈው ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ። የኢየሩሳሌምን ድሆች ግን ቆሮንቶስ ድረስ አምጥቶ በሕዝብ ፊት አላቆመም።

ስለዚህ እኛ ሰጪዎች ከእንባ ይልቅ ሂሳብ እንጠይቅ። በዚህ ሴሚስተር ስንት ተማሪ አመለከተ? ስንቱ አገኘ? ካመለከተበት ቀን እስከተከፈለው ቀን ስንት ጊዜ ፈጀ? ከተረዱት ውስጥ በሚቀጥለው ሴሚስተር ስንቱ ተመዘገበ? ያልወጣ ገንዘብ ካለ ለምን አልወጣም? ኦዲተሩስ ምን አለ? ይህን በየዓመቱ በአንድ ገጽ የሚልክልኝ ዩኒቨርሲቲ ካለ፣ የማንንም ልጅ ገበና ሳልሰማ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ እሰጠዋለሁ። በተለይ ከማመልከቻው እስከ ክፍያው ያለውን ጊዜ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ምዝገባ አልፎባቸው የቀሩ ልጆችን አውቃለሁ።

በግቢው ያሉ ፓስተሮችና ዲኖችም አንድ ነገር ያድርጉ። አንድ ተማሪ እርዳታ ሲፈቀድለት የትም ቦታ ቆሞ የመናገር ግዴታ እንደሌለበት በጽሑፍ ይነገረው። ማመስገን የሚፈልግ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ስሙን ማስገባት ካልፈለገም አያስገባ። ፎቶው የሚወጣው እሱ ራሱ ከፈቀደ ብቻ ይሁን። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

እራቱም ያለ ምስክር አይቅር። ተመርቀን ሥራ የያዝን፣ ከማንም ክፍያ የማንጠብቅ፣ እምቢ ብንል የማንጎዳ ስንቶች አለን። ዶክተር የሆነ አለ፤ መምህርት የሆነች አለች፤ ነጋዴ አለ። የምሩቃን ጉዳይ ክፍሎች ስልካችን አላቸው። ለሚቀጥለው ዝግጅት ልጆቹን ትተው እኛን ይጥሩ። እኔ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የተማሪዎች ሂሳብ ክፍል ሠራተኛ