ዊልኮን እንደገና ሰማሁልህ

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ጠፋሁብህ አይደል። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ፤ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር የሚለው ራሱ ያዘኝ። ይቅር በለኝ። በጣም ናፍቀኸኛል።

ትናንት ማታ የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የዊልኮን አልበም፣ «ስካይ ብሉ ስካይ»ን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ትዝ ይልሃል፣ አብረን የሰማነው ቀን ግማሹ ላይ ሳይደርስ አጠፋሁት። «በቃ አለቀላቸው» አልኩህ። አንተ «ረጋ ብለህ ስማው እንጂ» ብለኸኝ ነበር። ልክ ነበርክ። የጻፍኩልህም ይህንኑ ልነግርህ ነው።

ያኔ የተናደድኩት ስለምወዳቸው ነው። «ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» የተባለውን አልበማቸውን አሳታሚያቸው አልፈልገውም ሲላቸው በ2001 (በፈረንጆቹ) በድረ ገጻቸው እንዲሁ ለሰው ያሰሙ ልጆች ናቸው። በ2004ቱ «ኤ ጎስት ኢዝ ቦርን» ላይ ደግሞ ያ 15 ደቂቃ የሚሆነው ዘፈን አለ፤ ግጥሙ ቶሎ ያልቅና ከ10 ደቂቃ በላይ እዝዝ የሚል ድምፅ ብቻ ይቀራል። እኔና አንተ መብራት አጥፍተን ያንን እዝዝታ ሳንነጋገር እስከ መጨረሻው እንሰማው ነበር። እና በ2007 በ«ስካይ ብሉ ስካይ» ያን የመሰለ ለስላሳ ጊታር ይዘው ሲመጡ የከዱኝ መሰለኝ።

ያ እዝዝታ ለዘፋኛቸው ለጄፍ ትዊዲ ምን እንደነበር ግን አላሰብኩም። ሰውየው ማይግሬን ያሠቃየው ነበር፤ ያንን ረጅም እዝዝታም ከዚያው ሕመሙ እንዳመጣው ተናግሯል። በማስታገሻ መድኃኒት ሱስ ተይዞም በዚያው በ2004 ሕክምና ገባ። እኛ በጨለማ ተቀምጠን ስንመሰጥበት የነበረው የሰው ራስ ምታት ነው። ከዚያ የወጣ ሰው ቀለል ያለ ነገር መዝፈን ቢያምረው ምን ይገርማል?

«ስካይ ብሉ ስካይ»ን የቀዱት ቺካጎ ባለው «ዘ ሎፍት» በሚሉት የራሳቸው ስቱዲዮ ነው፤ ስድስቱም አንድ ላይ ሆነው፣ አብዛኛውን አብረው እየተጫወቱ። ይሄ ስትሰማው ይታወቅሃል። አንዱ ሲጫወት ሌላው ቦታ ይለቅለታል።

«ኢምፖሲብል ጀርመኒ» የሚለው ዘፈን ላይ ስደርስ ሥራዬን ሁሉ ትቼ ተቀመጥኩ። ግማሹ አካባቢ ትዊዲ መዝፈኑን ይተዋል። ከዚያ የጊታሪስታቸው የኔልስ ክላይን ጊታር ብቻውን ይወጣል፣ ሳይቸኩል፣ የሚለውን እያሰበ እንደሚናገር ሰው። ይሄ እኮ ፍሪ ጃዝ፣ ያን ሕግ የማይዘውን ጃዝ፣ ሲጫወት የኖረ፣ ከፈለገ ጊታሩን ማስጮህ የሚችል ሰው ነው። እዚህ ግን ራሱን ያዘ። ቆይቶ ሌሎቹ ሁለት ጊታሮች ተጣምረው ከሥር ይገቡና እሱን ከፍ ያደርጉታል፤ እዚያ ጋ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈታ። አሁን ሳስበው ሙከራውን መቼም አልተዉትም፤ ያኔ ጩኸቱን ስለፈለግኩ አልሰማሁትም።

በ2022ም «ክሩል ካንትሪ» የሚለውን አልበም እዚያው ስቱዲዮ አንድ ላይ ሆነው ሠሩት፣ 21 ዘፈን። እሱን ገና አልጨረስኩትም፤ ካንተ ጋር ብሰማው ይሻለኛል።

እሁድ ማታ ልደውልልህ? ቁጥርህ ያው ከሆነ ጻፍልኝ። ስልኩን ክፍት እንተወውና እያንዳንዳችን ከየቤታችን እኩል እናስጀምረው። በዘፈኑ መሀል ምንም አልናገርም።