አሥራቱ ከላክሁት ላይ አይቆረጥም

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬና አባዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ ይበዛል፣ ጤና ግን አለ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ትንሽ ሳቅሁ፣ ትንሽም አሳዘንሽኝ። እማዬ "ከሚልከው ላይ አሥራቱ በመጀመሪያ ይውጣ" ትላለች። አባዬ "ልጁ ለእኛ የላከው ነው፣ ማንም አይነካውም" ይላል። ገንዘቡን የያዝሽው አንቺ ደግሞ መሃል ላይ ቀረሽ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አሥራቱን እዚሁ ደመወዝ ስቀበል አውጥቼዋለሁ። እናንተ ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ሙሉውን ለቤት አድርጊው። የእማዬ መድኃኒት ይቅደም።

ይሄን ብቻ ብዬ ባቆም ግን እማዬ አርፋ እንደማትቀመጥ አውቃለሁ። እንግዲህ ማርቆስ 7ን አንብቢላት። ሰውየው ለወላጆቹ የሚገባውን "ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል" ይልና እነሱን ከመርዳት ነጻ ይወጣል። ኢየሱስ ይህን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር ነው አለው። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለቤተሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን የካደ ነው ይላል። ልጅ እናቱን ማሳከሙ ከአምልኮ ውጭ የሆነ ወጪ አይደለም።

አባዬ ይሄን ሲሰማ "አላልኩም?" ሊል ነው። ይቆየን፣ ለእሱም አለኝ። አሥራት የሕጉ ነገር ነው፣ ሕጉም አልፏል ይል የለ? አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ አሥራት ሲሰጥ የሙሴ ሕግ ገና አልመጣም። ጌታም ከአዝሙድና ከከሙን ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን የተዉትን ሲገሥጽ፣ ያንን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባ ነበር አላቸው። "አሥራቱን ተዉት" አላለም። እርግጥ ነው፣ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ መቶኛ አልጠቀሰም። በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን ያስቀምጥ ነው ያለው። ግን ይሄ ለአባዬ ማምለጫ አይሆነውም። በደንብ የቀናው ሰው ከአሥር አንድ ቢሰጥ ብዙም አይጎዳማ።

ስለ ሜቶዲስቶች መሥራች፣ ስለ እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። በዓመት 30 ፓውንድ ሲያገኝ በ28ቱ ኖሮ 2ቱን ሰጠ። ገቢው 60 ሲደርስ በዚያው በ28 ኖሮ 32ቱን ሰጠ። እኔ እዚህ አልደረስኩም፣ መድረሴንም እጠራጠራለሁ። ግን ደመወዝ በጨመረ ቁጥር ኑሮዬን አብሬ ልጨምር ስል ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

አሁን ከሁሉ ወደሚገርመኝ ልምጣ። አሥራቱ ለማን እንደሚሄድ በዘዳግም 14 ተጽፏል። ሰዎቹ እህሉን፣ ወይኑንና ዘይቱን ይዘው እግዚአብሔር ወደ መረጠው ቦታ ይሄዳሉ፣ እዚያም ከነቤተሰባቸው በፊቱ ይበሉታል፣ ደስም ይላቸዋል። መንገዱ ከራቀባቸው ሸጠው ገንዘቡን ቋጥረው ይሄዳሉ። በየሦስተኛው ዓመት ግን አሥራቱ በየከተማቸው ይከማቻል። የሚበሉትም ርስት የሌለው የመቅደሱ አገልጋይ ሌዋዊ፣ መጻተኛ ማለትም ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ፣ ድሀ አደግና መበለት ናቸው። ከአራቱ አንዱ መጻተኛ መሆኑን ያስተዋልኩት ራሴ ስደተኛ ከሆንኩ በኋላ ነው። እዚያ ስኖር ያን ቃል ዘልዬው ነበር የማልፈው። በዘዳግም 26 ደግሞ በኵራቱን፣ የመከሩን የመጀመሪያ ፍሬ፣ ያመጣው ሰው ቅርጫቱን ሲያስረክብ የቤተሰቡን ስደት ይተርካል፣ አባቴ ወደ ግብፅ ወርዶ በዚያ እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ ይላል። እኔ ይሄን ሳነብ ስለ አሥራት ያለኝ ስሜት ተቀየረ። ግብር መክፈል መምሰሉ ቀረ።

ሚልክያስ 3ን እማዬ በቃሏ ታውቀዋለች። አሥራቱን ለሚያመጡ የሰማይ መስኮት፣ የተትረፈረፈ በረከት። አሜን ነው። ግን ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ቁጥር 5 አለ። እግዚአብሔር የሠራተኛን ደመወዝ በሚከለክሉ፣ መበለትንና ድሀ አደጉን በሚያስጨንቁ፣ መጻተኛውንም በሚገፉ ላይ እመሰክራለሁ ይላል። አሥራቱም ወደ ጎተራ እንዲገባ የተጠየቀው በቤቱ መብል እንዲኖር ነው። "ዘር ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ" እያሉ የሚሰብኩት ሰዎች ቁጥር 5ን ሲያነቡ ሰምቼ አላውቅም። ይሄን ስብከት አልወደውም፣ አልደብቅሽም። ድሃ ያለችውን አውጥቶ ይሰጣል፣ በረከቱ ሲዘገይ "እምነትህ ጎደለ" ይባላል። ገንዘቡም ሄደ፣ ጥፋቱም የእሱ ሆነ።

ያላትን ሁሉ በመቅደስ የሰጠችውን የድሃዋን መበለት ሁለት ሳንቲምም እንዲሁ ነው የሚሰብኩት። ከእሷ ታሪክ በፊት ያለችው ቁጥር፣ ማርቆስ 12፥40፣ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ጻፎች፣ ስለ ሕግ መምህራኑ፣ የምትናገር ናት። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቢያቸው።

የቤተ ክርስቲያናችሁን ሒሳብ ነገር ስትጽፊልኝ "መጠየቅ ድፍረት ይሆንብኝ ይሆን?" ብለሻል። ምን ድፍረት አለው? ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ። ምክንያቱንም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ በግልጽ ጽፎታል፤ ማንም እንዳይነቅፈን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ጳውሎስን የሚያህል ሐዋርያ እንዲህ ከተጠነቀቀ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ደረሰኝ ሲጠየቅ ለምን ይቆጣል? ነህምያም አሥራቱ የሚከማችበትን ጎተራ ለአንድ ሰው አልተወም፤ ካህን፣ ጸሐፊና ሌዋዊ ሾመበት፣ ረዳትም ጨመረላቸው። የሾማቸውም የታመኑ ስለ ነበሩ ነው። አገልጋዮቻችሁ ንጹሕ ከሆኑ ሒሳቡ መነበቡ የሚጠቅመው እነሱኑ ነው። በትሕትና ጠይቂ፣ ግን ጠይቂ።

የራስሽን ደመወዝ በተመለከተ እኔ አልወስንልሽም። አሥራቱ ከጠቅላላው ነው ወይስ ተቆርጦ ከተጣራው ብለሻል። በሕጉ የተጠቀሰው የእርሻና የከብት ፍሬ ነው፣ የደመወዝ ወረቀት አልነበረም። እኔ ከጠቅላላው አወጣለሁ፣ ጓደኛዬ እጁ ከገባው ያወጣል፣ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ኀዘን ወይም ግዴታ እየተሰማሽ ከሆነ ግን ቆም በይ፣ ጳውሎስ ሁለቱንም አልፈለጋቸውም። ዕዳ ካለብሽ ደግሞ መጀመሪያ ዕዳሽን ክፈዪ፤ የሰው ገንዘብ ይዞ መለገስ አይሆንም።

ለጎረቤታችን መበለት ብለሽ ያሰብሽው ጥሩ ነው። ለእሷ የሚሆን ለብቻው በሚቀጥለው እጨምራለሁ፣ ከቤቱ ጋር እንዳይቀላቀል። ከማን እንደመጣ አትንገሪያት።

ኮሚቴው ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። አባዬም ስለ ዌስሊ ሰምቶ የሚለውን እንዳትረሺ።

ወንድምሽ