ውኃውን ጠጪ፣ እማዬ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ወሬ ቀየርሽብኝ። «ተዪው ልጄ፣ እኔ መንገድ ላይ ሽንት አያስቸግረኝም» አልሽና ስለ ሻንጣ ማውራት ጀመርሽ። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። ብቻሽን ሆነሽ ታነቢዋለሽ፣ ማንም አይሰማም።

ጉዳዩ ሽንት ቤት ነው። ዘንድሮ ያለ እኔ ከአስጎብኚ ጋር በምትሄጂበት አውሮፓ ውስጥ የት እንደሚገኝ፣ ስንት እንደሚከፈልበት፣ ሳይቸግርሽ እንዴት እንደምትገቢ። ከሁሉ በፊት ግን የማልረሳትን አንዲት ቀን ላንሣ።

አምና ጀርመን ውስጥ የወረድንበትን የባቡር ጣቢያ ታስታውሻለሽ። ሽንትሽ መጥቶ ነበር። ምልክቱን ተከትለን ደረጃውን ወረድን። መግቢያው ላይ የሚሽከረከር ብረት አለ። ከጎኑ የሳንቲም መክተቻ ያለው ሣጥን ቆሟል። የሚቀበለው ሳንቲም ብቻ ነው። በእጄ ደግሞ ከባለ 20 ዩሮ ወረቀት በቀር ምንም የለም። «መጣሁ» ብዬሽ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ካልገዛሽ አልዘረዝርም አለኝ። ሁለተኛው ጋ ሰልፍ ነበር። ማስቲካ ገዝቼ መልሱን ጨብጬ ስመለስ ግድግዳ ተደግፈሽ ቆመሻል። ቦርሳሽን በሁለት እጅሽ ሆድሽ ላይ ጭምቅ አድርገሽ ይዘሻል። ዓይንሽ መሬት መሬት ያያል። ሰዎች በአጠገብሽ እየከፈሉ ይገባሉ። አንድም ቃል አልተናገርሽኝም። ሳንቲሙን ስከት እጄ ተንቀጠቀጠና አንዷ ወደቀችብኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዝርዝር ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ይቅር በይኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ። ጠዋት ጠዋት ቦርሳሽ ውስጥ የምከትልሽ ውኃ ማታ ክዳኑ ሳይከፈት ይመለስ ጀመር። ስጠይቅሽ «አልጠማኝም» ትያለሽ። በሦስተኛው ቀን ፓሪስ፣ የሜትሮው ደረጃ ላይ ዞረብሽና የብረቱን መደገፊያ ያዝሽ። እኔ ድካም መስሎኝ ነበር። ድካም አልነበረም። ሽንት ቤት ፈርተሽ ውኃ መጠጣት አቁመሽ ነበር።

እማዬ፣ ይህን ዘንድሮ አትድገሚው። አጠገብሽ ስለማልሆን ነው አጥብቄ የምለምንሽ። የምትወስጂው የግፊት መድኃኒት ውኃ በሽንት እንዲወጣ የሚያደርግ ነው። በላዩ ላይ ውኃ ካልጠጣሽ ግፊትሽ ከልክ በታች ይወርዳል፣ ያዞርሻል፣ ትወድቂያለሽ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጥማት እንደ ድሮው ቶሎ አይሰማም። ስለዚህ «አልጠማኝም» ማለት ሰውነትሽ ውኃ አልፈለገም ማለት አይደለም። ሽንት እየያዙ መዋልም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። መድኃኒቱን መዝለልማ ጨርሶ አይታሰብም። ረጅም መንገድ ባለበት ቀን ሰዓቱን ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ ከመሄድሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ። በራስሽ ግን አትወስኚ።

አሁን ወደ ሳንቲሙ ልምጣ። ዚፕ ያላት ትንሽ ጥቁር ቦርሳ ልኬልሻለሁ። ውስጧ ሃያ ባለ 50 ሳንቲምና አሥር ባለ 1 ዩሮ አለ። ከሌላ ገንዘብ ጋር አትቀላቅያት። የሽንት ቤት ብቻ ናት። ባለ 50ው ሙሉ በሙሉ ወርቃማ ነው፣ ጠርዙን በጣትሽ ስትዳብሺው ይቆረቁራል። ባለ 1 ዩሮው ውጩ ወርቃማ፣ መሐሉ ብርማ ነው። ባለ 2 ዩሮው የዚያ ተገላቢጦሽ ነው። መነጽርሽን ፍለጋ ሰልፍ ላይ እንዳትጨነቂ ሆቴል ውስጥ አልጋ ላይ ዘርግፈሽ ተለማመጃቸው። ማታ ማታ ከጎደለ ሙዪያት። ቡና ስትከፍዪ ወረቀቱን ሰጥተሽ መልሱን በሳንቲም ተቀበዪ፣ እሱ ነው ትልቁ ዘዴ። ብዙ ቦታ ካርድ ማስነካትም ይቻላል። ግን ማሽን ይበላሻል፣ ሳንቲም በእጅ ይሁን።

ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ከ50 ሳንቲም እስከ 1 ዩሮ ነው። አንዳንድ ጣቢያ ከዚያም ይበልጣል። አውቅሻለሁ፣ «ለሽንት አንድ ዩሮ!» ብለሽ ትንገበገቢያለሽ። አትንገብገቢ። ከመውደቅና ሐኪም ቤት ከመግባት ይረክሳል። ደግሞ አንዳንዱ ገንዘቡን ይመልስልሻል። ከፍራንክፈርት ወደ ፓሪስ በአውቶቡስ ስትሄዱ ጀርመን ውስጥ አውራ ጎዳና ዳር ብዙ ቦታ ሳኒፌር የሚል ሽንት ቤት ታያለሽ። እስከ 2022 ድረስ 70 ሳንቲም ነበር፣ አሁን 1 ዩሮ ነው። ስትከፍዪ የሚወጣውን ወረቀት እንዳትጥይው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስትገዢ 1 ዩሮ ይቀነስልሻል። ሱቅ የሌላቸው የመኪና ማቆሚያዎችም አሉ፣ ሽንት ቤታቸው ነጻ ነው። ግን ሶፍት ላይኖራቸው ይችላልና የራስሽን ይዘሽ ውረጂ።

አውቶቡሱ አይቆምልኝም ብለሽ አትስጊ። በአውሮፓ ሕግ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ በድምሩ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው። ብዙውን ጊዜ ከዚያም ቀደም ብለው ይቆማሉ። ቢሆንም ከመነሳታችሁ በፊት አስጎብኚውን «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምንቆመው?» ብለሽ ጠይቂው። ሰዓቱን ካወቅሽ ውኃሽንም በዚያው ልክ ትጠጫለሽ። መንገድ ላይ ከመጣብሽ ደግሞ ንገሪው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚናገር ሰው ይጠበቃል። አንቺ ከተናገርሽ ሦስት አራቱ «እኔም» ይላሉ።

አንዳንድ ቦታ በር ላይ ማሽን ሳይሆን ሳህን ታገኛለሽ። አጠገቡ የምታጸዳ ሴት ትቀመጣለች። 50 ሳንቲም አስቀምጪና ሰላም በያት። ቀኑን ሙሉ የሰው ቆሻሻ ስትጠርግ የምትውል ሴት ናት። ፈገግታሽ ይገባታል።

ጽሑፍ አላነብም እንዳትይ፣ አንድ ቀላል ነገር ላሳይሽ። በጀርመንኛ ሴቶች «ዳመን»፣ በፈረንሳይኛ «ዳም»፣ በጣሊያንኛ «ዶነ» ነው። ሦስቱም የሚጀምሩት በእንግሊዝኛው ዲ ፊደል ነው። ዲ ካየሽ ግቢ። ጀርመን ውስጥ በኤች የሚጀምረውን አትግቢ፣ «ሄረን» ወንዶች ማለት ነው። ጣሊያን ውስጥ ግን አንድ የሚያሳስት አለ። «ሲኞረ» ሴቶች፣ «ሲኞሪ» ወንዶች ናቸው። ልዩነቱ የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት። በአይ ከጨረሰ የወንድ ነው። ለመጠየቅ ደግሞ ጀርመንም ፈረንሳይም «ቷሌት» ካልሽ ይገባቸዋል። ጣሊያን «ባኞ» በይ። ሌላ ቃል አያስፈልግሽም፣ በእጃቸው ያሳዩሻል።

ጀርመን ከተሞች ውስጥ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። አሌን የምትባል ከተማ የጀመረችው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለካፌዎችና ለሱቆች በየወሩ ገንዘብ ይከፍላል፣ እነሱ ደግሞ ሳይገዛ የሚመጣን ሰው በነጻ ያስገባሉ። በራቸው ላይ «ኔተ ቷሌተ» የሚል ተለጣፊ አለ። ዛሬ ብዙ ከተሞች ተከትለዋታል። ይህን ያሰበው ሰው እናቱን አስታውሶ ነው ብዬ አስባለሁ።

ፓሪስ ላይ ሳንቲሟን ማውጣት አያስፈልግሽም። መንገድ ዳር እንደ ትንሽ ክፍል ብቻቸውን የቆሙ ሽንት ቤቶች አሉ፣ «ሳኒዜት» ይሏቸዋል። ከ400 በላይ ናቸው። ከ2006 ጀምሮ ነጻ ናቸው። አጠቃቀማቸው ግን አንድ ነገር ይፈልጋል። በሩን የሚከፍት ቁልፍ ውጭ አለ፣ ተጭነሽ ትገቢያለሽ። ሰው ከወጣ በኋላ ራሱን ያጥባል። ስለዚህ የወጣው ሰው ደግ ሆኖ በሩን ይዞ «ግቢ» ቢልሽ እሺ አትበዪ። በሩ ይዘጋ፣ ይታጠብ፣ መብራቱ ነጻ ነው ሲል ያኔ ክፈቺው። ሳይታጠብ ከገባሽ ውኃው አንቺ ላይ እንዳይመጣ ነው።

ሮም ላይ ያለው ዘዴ ቡና ቤት ነው። እነሱ «ባር» ነው የሚሉት። ቆመሽ አንድ ትንሽ ነገር አዝዢ፣ ከፍዪ፣ «ባኞ?» በይ። አንዳንዶቹ ቁልፉን ካሸሪው ጋ ያስቀምጡታል። ቧንቧው ላይ ሲ የሚል ፊደል ካየሽ ቀዝቃዛ መስሎሽ እጅሽን እንዳታቃጥዪ፣ «ካልዶ» ማለት ሙቅ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ዳር ደግሞ ነጻ ሽንት ቤት አለ። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከመሰለፍሽ በፊት እዚያ ግቢ።

ኮሎሲየምን ስትጎበኚ እኔን አስታውሺኝ። ግንባታውን ያስጀመረው ንጉሥ ቬስፓሲያን ይባላል። ከ69 እስከ 79 እ.ኤ.አ. የነገሠ ነው። ይህ ንጉሥ ሽንት ላይ ግብር ጥሎ ነበር። ያኔ ሽንት ለቆዳ ፋቂዎችና ለልብስ አጣቢዎች ይሸጥ ነበር። ልጁ ቲቶ «አባቴ፣ ይህ ነውር ነው» ብሎ ሲያማርር፣ ንጉሡ ከግብሩ የመጣውን ሳንቲም አፍንጫው ሥር ይዞ «ይሸታል?» አለው ይባላል። ልጁ «አይሸትም» አለ። እና ለሽንት መክፈል የዛሬ ዘመን ክፋት አይደለም እማዬ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው።

ለንደን ለሁለት ቀን ልትሻገሩ ካሰባችሁ ትልልቆቹ የባቡር ጣቢያዎች ከ2019 ጀምሮ ሽንት ቤታቸው ነጻ ነው። በእሱ አታስቢ።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ሲመጣብሽ ሳይሆን ሲገኝ ግቢ። ባቡር ላይ ከሆንሽ ከመውረድሽ ሩብ ሰዓት ቀደም ብለሽ ግቢ፣ ባቡሩ ውስጥ ነጻ ነው፣ ጣቢያው ያስከፍላል። ሙዚየም የገባሽበት ቲኬት ሽንት ቤቱንም ይጨምራል፣ ሳትገቢ አትውጪ። ምሳ የበላሽበት ቤትም እንደዚያው። «አሁን አልመጣብኝም» አትበዪ፣ ሞክሪው።

የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ሶፍትና የእጅ ማጽጃ አድርጊ። ሌላም አንድ ነገር አለ፣ ፊት ለፊት ለማለት ከብዶኝ ነበር። ለሽንት የሚሆን ቀጭን ፓድ ከቦርሳዋ ጋር ልኬልሻለሁ። ስንት ሴቶች መንገድ ሲወጡ እንደሚጠቀሙት ብታውቂ ትገረሚያለሽ። ለረጅሙ መንገድ ብቻ አድርጊው። ልብሽ ያርፋል፣ ውኃውንም ሳትሳቀቂ ትጠጫለሽ። እኔን በልጅነቴ ስንቴ አጥበሽ ቀይረሽኛል፣ ከእኔ ጋር በዚህ አትፈሪ።

ፍራንክፈርት ስታርፉ ሻንጣ ከመጠበቅሽ በፊት ቀጥታ ሽንት ቤት ግቢ፣ ኤርፖርት ነጻ ነው። ከዚያ አንድ ውኃ ግዢ፣ ትንሹን ሳይሆን የግማሽ ሊትሩን። ማታ ሆቴል ስትደርሺ ባዶውን ጠርሙስ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ።

የምትናፍቂኝ
ልጅሽ