የተሳቢው ፍሬን ስለመያዙ ሾፌሩ በምን ይወቅ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ግን ተሽከርካሪ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወርዳል። እኔ በዚህ መንገድ ላይ ከፊያት ኤን ትሬ ዘመን ጀምሮ 31 ዓመት ተሳቢ እየጎተትሁ ተመላልሻለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ደግሞ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ጉዳይ አንድ ነው፤ እሱም ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ሾፌር ከኋላው የሚጎትተው ተሳቢ ፍሬን መያዝ አለመያዙን፣ ከያዘም በኋላ መልቀቅ አለመልቀቁን የሚያይበት አንዳችም ምልክት ፊቱ ላይ የሌለው መሆኑ ነው።

አደጋ ሲደርስ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ይባልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ውስጤ ይታመማል፤ የተሳቢው ፍሬን ብዙ ጊዜ እምቢ ያለው ከአደጋው ቀን በፊት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በፊት እንደሆነ በእጄ ዳስሼ አውቃለሁና። ተሳቢው ከሥራ ውጭ ሆኖ ሰንብቷል፤ ሾፌሩ ግን አልተነገረውም።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ የቁልቁለቱን ሸክም በቁጥር ላስረዳ። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪናና ተሳቢ 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 700 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ተይዞ ሲወርድ የሚቀበለው ድርሻ አለ፤ ነፋሱና የጎማው ሰበቃም ጥቂት ይወስዳሉ፤ የቀረው ሁሉ የሚያርፈው በፍሬን ሸራና ሸራው ተጭኖ በሚይዘው፣ ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ላይ ነው። ተሳቢው የራሱን ድርሻ ካልተሸከመ የእሱ ክብደት የሚያመጣው ሙቀት በሳቢው መኪና ጎማዎች ላይ ይደረባል። ያን ጊዜ የሳቢው ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ የመያዝ አቅሙም ይደክማል። ታምቡሩ ደግሞ በሙቀት ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ጠዋት በብርድ ሲሞከር ደህና የነበረ ፍሬን በዚሁ ቁልቁለት ላይ ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ፔዳሉ ተረግጦም የማይቆም ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቁልቁለቱ የሚያበቃው ባዶ ሜዳ ላይ ሳይሆን ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ በሞላበት በኮምቦልቻ ከተማ መግቢያ መሆኑን ሳንዘነጋ ነው።

አሁን ወደ አየሩ ልመለስ። ከሳቢው መኪና ወደ ተሳቢው ሁለት የአየር ቱቦዎች ይሄዳሉ። አንደኛው፣ ብዙውን ጊዜ ቀዩ፣ የተሳቢውን ታንክ በአየር ይሞላል፤ ሁለተኛው ሾፌሩ ፔዳል ሲረግጥ «ያዝ» የሚለውን ትእዛዝ ያደርሳል። ቀዩ ከተበጠሰ ተሳቢው በራሱ ፍሬን እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ሾፌሩ ወዲያውኑ ያውቀዋል። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ጋቢና ውስጥ ያለው የአየር ጌጅ የሚያሳየው በሳቢው ታንክ ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። አየሩ የተሳቢው የመጨረሻ አክሲል ድረስ መድረሱን፣ በአየሩ ግፊት ወጥቶ ሸራውን የሚያስጨንቀው የፍሬን ዘንግ መገፋቱን፣ ሸራው ታምቡሩን መንካቱን ጌጁ አይናገርም። ጌጁ ሙሉ ሆኖ የተሳቢው ፍሬን ባዶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ያወቅሁት በ1996 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከወልዲያ ማሽላ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ እሄድ ነበር። ደሴ አድሬ ማለዳ ስነሳ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ በዚህ የተነሳ ከወትሮው ይልቅ በዝግታና በከባድ ማርሽ ወረድሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገንና ያዳነኝም ይኸው ነው። ሐረጎ ላይ ሁለተኛው ኩርባ ሲደርስ ተሳቢው ከኋላ ይገፋኝ ጀመር። ፔዳሉን ስረግጥ የጋቢናው አፍንጫ ወደ መሬት ይደፋል፤ ከኋላ ግን የሚይዘኝ ነገር አልነበረም። የአየር ጌጁን አየሁት፤ መርፌው ከቦታው ፈቀቅ አላለም። ማርሹን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ቻልሁና መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቼ በቦዩ ጠርዝ እያሻሸሁ አቆምሁት። ረዳቴ ሳይነገረው ታኮ ይዞ ዘለለ።

ከዚያ ተሳቢው ሥር በጀርባችን ገብተን ፈለግን። የኋለኛው አክሲል ቱቦ በጭቃ ተለውሶ ነበር፤ ረዳቴ ጭቃውን በጥፍሩ ሲያነሳው ቱቦው ለሁለት ታጥፎ በሽቦ ጥርቅም ተደርጎ መታሰሩ ታየ። ከሦስት ሳምንት በፊት ተሳቢው አየር ያፈስሳል ተብሎ አንድ ጋራዥ ገብቶ ነበር፤ ጋራዡም ቱቦውን በመለወጥ ፈንታ አጥፎ በማሰር ማፍሰሱን «አቁሞታል»፤ ሒሳቡንም ተቀብሏል። በሦስቱ ሳምንታት ውስጥ ጌጁ ከወትሮው የተሻለ ይሞላ ስለነበር ጥገናው ጥሩ ነው ብዬ ለባለንብረቱ ምስክርነት የሰጠሁት እኔ ራሴ ነበርሁ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ከጋራዡ ጥፋት ይልቅ ይህ ምስክርነቴ ነው።

ተቃራኒውም ደርሶብኛል። ሌላ ጊዜ የተሳቢው ፍሬን ከያዘ በኋላ ሳይለቅ ቀርቶ አንድ ጎማ እየተጎተተ ሲግል ኖሯል፤ ሳቢው ጉልበታም ስለሆነ አልተሰማኝም። በመንገድ ዳር በቆሎ እሸት የምትጠብስ እናት «ጭስ! ከኋላ ጭስ!» ብላ ባትጮህ ኖሮ ጎማው ይነድ ነበር። የዚያች እናት ድምፅ በዳሽቦርዴ ላይ ሊኖር ይገባ የነበረውን ምልክት ተካ።

ለዚህ ችግር ቀላል መላ እንዳለ ያየሁት በሩቅ አገር ነው። በ2011 ዓ.ም. አሜሪካ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ጎረቤቶቿ የሆኑ ጡረተኛ ባልና ሚስት አልጋም ወጥ ቤትም ያለው ትልቅ የመኖሪያ መኪና ነበራቸው። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን መኪና ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ከኋላ ትንሽ የቤት አውቶሞቢላቸውን ጎትተው መሄድ ልማዳቸው ነው፤ የደረሱበት ከተማ ውስጥ በትንሿ ይንቀሳቀሳሉ። አውቶሞቢሏ ሞተሯ ጠፍቶ በአራት ጎማዋ ትጎተታለች። ሞተሯ ስለጠፋም የፍሬኗ አጋዥ አይሠራም፤ ቢሠራ እንኳ ፔዳሏን የሚረግጥ ሰው ውስጧ የለም። ስለዚህ ከሾፌሩ ወንበር ፊት አንድ መሣሪያ ይገጠምላታል፤ ፊተኛው መኪና ፍሬን ሲይዝ መሣሪያው የትንሿን ፔዳል ይረግጣል።

ሰውዬውን በልጄ አስተርጓሚነት አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ «ከኋላ ያለችው መያዟን በምን ታውቃለህ?» አልሁት። ወደ ጋቢናው አስወጥቶ ከመሪው ጎን የተለጠፈች የጣት ጥፍር የምታህል ቀይ መብራት አሳየኝ። ከትንሿ መኪና ፔዳል ጋር በሽቦ የተያያዘች ናት። እሱ ፍሬን ሲረግጥ ከበራች የኋለኛዋ ይዛለች ማለት ነው፤ ሲረግጥ ካልበራች አልያዘችም፤ ሳይረግጥ ከበራች ደግሞ ፍሬኗ ሳይለቅ እየተጎተተ ነው፣ ወዲያው ጥግ ይዞ መቆም አለበት። ለእኔ በሐረጎ ላይ የጎደሉኝን ሁለቱንም ወሬዎች ያቺ አንዲት መብራት ትናገራለች። ከዚህም ሌላ በሁለቱ መኪናዎች መካከል አንድ ቀጭን ገመድ አለ፤ መጎተቻው ተበጥሶ ትንሿ ብትለይ ገመዱ አንድ ፒን ይነቅልና ፍሬኗ በራሱ ይይዛል። አንድ ቤተሰብ ለሽርሽር ለሚጎትታት ትንሽ መኪና ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ እኛ 20 ቶን ማዳበሪያ ወይም ሲሚንቶ ለጫነ ተሳቢ ምን ያህል ልንጨነቅ ይገባን ነበር?

በዚያው አገር ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚሠሩ የአየር ፍሬን ተሳቢዎች ላይ የጎማ መቆለፍን የሚከላከለው ሥርዓት ሲበላሽ የምትበራ ቢጫ መብራት በተሳቢው ግራ ጎን እንድትኖር ሕግ ያስገድዳል፤ ሾፌሩ በመስታወት ያያታል። ከዚያ አገር ወደ እኛ የሚገቡ ያገለገሉ ተሳቢዎች ላይ መብራቷ ብትኖር እንኳ ሽቦዋ የተቆረጠ ይሆናል፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።

እኔ የምጠይቀው ከዚህ የቀለለ ነው። በተሳቢው የመጨረሻ አክሲል የአየር መስመር ላይ አንድ የግፊት ማብሪያ፣ ጋቢና ውስጥ አንድ አምፖል፣ በመካከላቸውም የተሳቢውን ርዝመት የሚያህል ሽቦ ይዘርጋ። ማንኛውም የደሴ ወይም የኮምቦልቻ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይገጥመዋል። ማብሪያው መሀል ላይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ መሆን አለበት፤ የእኔ ቱቦ የታጠፈው መጨረሻው ላይ ነበርና። በእርግጥ አምፖሉ አየር መድረሱን እንጂ ሸራው ማለቁን አይናገርም። ስለዚህ አምፖሉ የዓይንን ምርመራ አያስቀርም፤ ሁለቱ ተጋግዘው ነው የሚሠሩት።

ስለ ዓመታዊ ምርመራም አንድ ቃል ልበል። ተሳቢ የራሱ ታርጋ ያለው ተሽከርካሪ ሆኖ ሳለ ምርመራው ላይ ከመብራቱና ከጎማው አልፎ ፍሬኑ በሚገባ ሲፈተሽ በዕድሜዬ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ፍተሻው ተሳቢው ከሳቢው ጋር ተያይዞ፣ አየር ሞልቶ፣ ፔዳሉ ተረግጦ፣ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የፍሬኑ ዘንግ ምን ያህል እንደሚወጣ በሜትር እየተለካ መሆን አለበት። ዘንጉ ብዙ የሚወጣ ከሆነ ሸራው ሳስቷል ወይም ፍሬኑ መጥበቅ አለበት፤ ታምቡሩ ሲግልና ሲሰፋ ደግሞ የሚቀረው ጉልበት ምንም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሜትርና ከተሳቢው ሥር ለመግባት የማይሰለች ሰው ነው።

አንዳንድ ባለንብረቶች የተሳቢው ፍሬን ላላ ቢል ጎማና ሸራ ይቆጥባል ብለው እንደሚያምኑ አውቃለሁ፤ ለእኔም በቀጥታ የነገረኝ ነበር። ባዶ ተሳቢ በዝናብ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ተቆልፎ ጭራውን እንደሚያወዛውዝ ስላዩ የሚፈሩም አሉ፤ የእነሱ ፍርሃት መሠረት አለው። መፍትሔው ግን የፍሬኑን ኃይል በጭነቱ ልክ የሚመጥነውን ቫልቭ ማስጠገን እንጂ ፍሬኑን ማላላት አይደለም። በምልልስ ብዛት የሚከፈለው ሾፌር ደግሞ አሥር ደቂቃ ቆሞ ጎማ እንዲዳስስ ካስፈለገ ባለንብረቱ ያቺን አሥር ደቂቃ እንደ ሥራ ሊቆጥርለት ይገባል።

ጊዜው ይህን ጉዳይ ለማስተላለፍ አይፈቅድም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ጭነት እዚህ ተራግፎ ወይም አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ የወጣውም መኪና ተመልሶ ይወርዳል። መንገዱ ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀየሰውን የተራራ ወገብ እስከ ዛሬ ይዞ የሚሄድ ነው፤ ተራራውን ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

ስለዚህ የሁለቱን ከተሞች የመንገድ ትራንስፖርትና የትራፊክ ክፍሎች በጋዜጣችሁ በኩል በአክብሮት የምጠይቀው፣ ከደሴ መውጫ ላይ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ተሳቢ ያላቸው መኪናዎች ጥግ ይዘው የሚቆሙበት አንድ የተደለደለ ቦታ እንዲያዘጋጁ ነው። እዚያ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ረዳቱ ተሳቢውን እየዞረ የአየር ሹክሹክታ ያዳምጣል፣ የዘንጉን መውጣት ያያል፣ እጁን ሳያስነካ ወደ ታምቡሩ አቅርቦ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለውን ጎማ ይለያል፤ ጨርሶ የቀዘቀዘውንም እንዲሁ፣ ሥራውን ያልሠራው እሱ ነውና። ቦታው ከተፈቀደ እኔና ሁለት ጡረተኛ የሙያ ጓደኞቼ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ ለወጣት ረዳቶች ይህን እያሳየን ለመዋል ዝግጁ ነን፤ የሚመለከተው ክፍል መልሱን በዚሁ ዓምድ ቢሰጠን በማግሥቱ እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር

ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር
ደሴ