እማዬ፣ ስለ በረዶው ልንገርሽ

ይድረስ ለምወድሽ እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሁትን ቪዲዮ ካየሽ ወዲህ እንቅልፍ አጥተሻል ብላ እትዬ ነገረችኝ። ስለዚህ ነገሩን በደንብ ላስረዳሽ።

መፍራትሽ ልክ ነው። የበረዶ ናዳ እዚህ ኮሎራዶ ብዙ ሰው በልቷል። ቪዲዮው ላይ ያየሽው ግን የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ ሸርተቴ፣ መጫወቻው ግቢ ነው፤ እዚያ ሠራተኞቹ የሚያሰጋውን በረዶ ሰው ሳይገባ በፈንጂ ያወርዱታል። የሚያስፈራው ከዚያ ውጪ ያለው ተራራ ነው፣ ለምሳሌ በርቱድ ፓስ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር እወጣለሁ፣ አልዋሽሽም።

አሁን ኅዳር ነው፣ በረዶው ገና ስስ ነው። ብዙ ሰው "ይቺ ምን ታመጣለች" ይላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄው ነው። በጥቅምት የጣለው በረዶ ፀሐይ በማያገኘው በሰሜን በኩል ሳይቀልጥ ይቆያል። መሬቱ ከሥር ሞቅ ስለሚል፣ ከላይ ደግሞ ሌሊቱ ስለሚያንቀጠቅጥ፣ በረዶው ውስጥ ለውስጥ ተለውጦ እርስ በርሱ የማይያያዝ ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ከዚያ አዲስ ይጥልበታል፣ ነፋሱም ከወዲያ ማዶ እየጠረገ ይከምርበትና ይጠጥራል። ጤፍ በትነሽ ሳንቃ ብታጋድሚበት እንደማለት ነው። አንድ ሰው ሲረግጠው ያ ሁሉ ተሰንጥቆ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ናዳውን የሚቀሰቅሰው ራሱ ተጎጂው ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው።

ክፋቱ፣ በዚህ ወቅት ለመንሸራተት የሚበቃ በረዶ ያለው እዚያው ጥላ ቦታ ነው። ትንሽ ናዳ እንኳ ብትሆን፣ ድንጋዩና ግንዱ ገና ስላልተሸፈነ ሰውን እያላተመች ነው የምትወስደው።

እኛ የምናደርገው ይህን ነው። ጠዋት ከቤት ሳንወጣ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል የሚያወጣውን የዕለቱን ትንበያ እናነባለን። ቁልቁለቱን እንለካለን፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ በዚህ ወር አንነካውም፣ ከሥሩም አንቆምም። በረዶው እግራችን ሥር "ውፍ" ብሎ ዝቅ ካለ ወይም ስንጥቅ ከሮጠ ወዲያው እንመለሳለን፣ ክርክር የለም። ሁላችንም ምልክት የሚልክ መሣሪያ ደረታችን ላይ እናስራለን፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋም እንይዛለን። በረዶ የዋጠው ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ ቶሎ ያልቃል። ከከተማ እርዳታ እስኪደርስ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፣ የሚያወጣሽ አጠገብሽ ያለው ሰው ነው። ብቻዬን የማልወጣው ለዚህ ነው።

እማዬ፣ ገደላማውን ለፀደይ ትቼዋለሁ። ያን ጊዜም በረዶው ረግቶ ካየሁት ብቻ ነው። እስከዚያ ለጥ ያለው ይበቃኛል።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውልልሻለሁ። አባዬን ሳሚልኝ፣ ለጎረቤቶቹም ሰላምታ አድርሺ።

ልጅሽ