ፎግ አለው ተብሎ ስለተሸጠልን የኋላ መብራት የቀረበ ቅሬታ

ለመለዋወጫ አስመጪው ድርጅት
የሽያጭና የቴክኒክ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ የተሸጠልንን ምትክ የኋላ መብራትና የፎግ ገመዱን ይመለከታል

ከድርጅታችሁ 12 ጥንድ ምትክ የኋላ መብራት ከነፎግ ገመዱ ገዝተናል። ካርቶኑ ላይ «የኋላ ፎግ ያለው፣ ያለ ተጨማሪ ሥራ የሚገጠም» ይላል፤ የኋላ ፎግ በጭጋግ ጊዜ ከኋላ ለሚመጣው እንዲታይ የሚበራ ደማቅ ቀይ መብራት ነው። አራቱን ጥንድ ገጥመን፣ ለክተን፣ መልሰን ፈትተናል። ስምንቱ ካርቶናቸው ሳይከፈት ተቀምጠዋል። የቴክኒክ ሰዎቻችሁ አንዱን መብራት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይህን ደብዳቤ ቢያነቡት ነገሩ ይቀላቸዋል።

በመጀመሪያ መስታወቱን ተመልከቱልን። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ተፈትሾ ያለፈ መብራት ላይ ክብ ውስጥ የኢ ፊደልና የፈቃጁ አገር ቁጥር ይቀረጻል፤ 1 ከሆነ ጀርመን፣ 4 ከሆነ ኔዘርላንድስ ነው። አጠገቡ መብራቱ ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ የሚናገሩ ምልክቶች ይኖራሉ፦ አር ለፓርኪንግ፣ ኤስ 1 ለፍሬን፣ 2 ኤ ለፍሬቻ፣ ኤ አር ለኋላ ማርሽ፣ ኤፍ ደግሞ ለኋላ ፎግ። በላካችሁልን መብራት ላይ የመጀመሪያዎቹ አራቱ አሉ። ኤፍ የለም። ስለዚህ አምራቹ ፎግ አለው አላለም፤ ያለው ካርቶኑን ያሳተመው ነው።

ታዲያ ፎጉ የታል ብለን መመሪያችሁን ስናገላብጥ ያገኘነው መልስ «ቢጫውን ሽቦ ከፍሬን መብራቱ ሽቦ ጋር ቀጥሉት» የሚል ነው፤ ቢጫው የፎጉ ሽቦ መሆኑ ነው። ይህ ፎግ መግጠም ሳይሆን ፍሬን እንደያዙ መንዳት ነው። ሐምሌ ላይ በጭጋግ ውስጥ ጣርማበርን የሚወጣ ሹፌር ከፊቱ የሚታየው ሳያቋርጥ የበራ ቀይ ብቻ ይሆናል። የፊተኛው ፍሬን ቢረግጥም የሚጨመር ብርሃን ስለሌለ አያውቅለትም። የኮሚሽኑ ደንብ ቁጥር 48 የኋላ ፎግና የፍሬን መብራት ብርሃን ከሚሰጡበት ገጽ እስከ ገጽ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ እንዲራራቁ የሚያዘው ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው። በእናንተ አሠራር ርቀቱ ዜሮ ነው።

በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል። በቢጫው ሽቦ የገባው 12 ቮልት የፍሬን መስመሩን ይዞ እስከ ፔዳሉ ማብሪያ ይደርሳል፤ ከላይ ያለው ሦስተኛው የፍሬን መብራትም አብሮ ይበራል። ማርሹ አውቶማቲክ ሆኖ የመቆለፊያውን ምልክት ከዚሁ መስመር የሚወስድ መኪና ከሆነ፣ ፍሬን ሳይረገጥ ማርሹ ከፓርክ ሊወጣ ይችላል።

መመሪያው ሁለተኛ አማራጭም ያቀርባል፦ በመብራቱ ውስጥ ከታች ያለውን ባዶ ክፍል ለፎግ መጠቀም። አብሮ የመጣው የአምፖል መያዣ ግን ለባለሁለት ክር አምፖል፣ ማለትም ለ21/5 ዋት የተሠራ ነው፤ የሰጣችሁን አምፖል ደግሞ ባለአንድ ክር 21 ዋት ነው። የባለአንድ ክሩ ሁለት ጉጦች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፣ መያዣው የሚጠብቀው ግን አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። በጉልበት ካልሆነ አይገባም። በጉልበት ሲገባ ከሥሩ ያለው አንድ ነጥብ የመያዣውን ሁለት ነጥቦች አንድ ላይ ይነካቸዋል፤ ያኔ የፎግና የፓርኪንግ መስመር ተገናኙ ማለት ነው። ፎጉ ሲበራ የዳሽቦርዱ መብራት፣ የታርጋው መብራትና የፊት ፓርኪንግ አብረው ይበራሉ። እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣ ብዙ ሰው ዳሽቦርድ ይፈታል፤ ጥፋቱ ግን ኋላ፣ መያዣው ውስጥ ነው።

መያዣውን በትክክለኛው ቀይረን ደግሞ ሞከርነው። ክፍሉ የተሠራው ለ5 ዋት አምፖል ስለሆነ 13.5 ቮልት ሰጥተን 20 ደቂቃ ስናቆየው ከአምፖሉ በላይ ያለው የክፍሉ የብር ቅብ አረፋ አወጣ፣ ፕላስቲኩም ጎበጠ። የፍሬን መብራት በየመሐሉ እየጠፋ ይቀዘቅዛል። ፎግ ግን ጭጋጉ እስኪያልቅ አይጠፋም፤ ሙቀቱ በዚህ ታስቦ መሠራት ነበረበት።

ስለ ማሳው (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ቦዲ በኩል ወደ ባትሪው ስለሚመለስበት ኔጋቲቭ) ትንሽ ዘርዘር እናድርግ፣ ምክንያቱም ከደንበኛ ጋር የሚያጨቃጭቀው እሱ ነው። በአንድ ጎን ፍሬን 21፣ ፎግ 21፣ ፍሬቻ 21 እና ፓርኪንግ 5 ዋት አንድ ላይ ሲበሩ 68 ዋት ይሆናሉ፤ በ12 ቮልት ወደ 5.7 አምፔር ነው። ይህ ሁሉ የሚመለሰው በአንዲት 0.35 ካሬ ሚሊ ሜትር ጥቁር ሽቦ ሲሆን፣ ጫፏም ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ በትንሽ ብሎን ይታሰር ተብሏል። ሁሉንም አብርተን በመብራቱ ማሳና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ስንለካ 1.8 ቮልት አገኘን። ከ0.2 በላይ መሆን አልነበረበትም። ጥፋቱ ከሽቦው ርዝመት ይልቅ የቀለሙ ነው፤ ቆርቆሮውን እስኪያበራ ፍቀን በቀለበት ጫፍ ስናስረው ልኬቱ ወረደ። ማሳው ሲደክም ኤሌክትሪኩ መመለሻ ፍለጋ በጎረቤት አምፖሎች በኩል ያልፋል፦ ፎጉ ከፍሬቻው ጋር ይርገበገባል፣ ያልተነካው ፍሬቻም ደብዘዝ ብሎ ይበራል።

ዋናው የመብራት ገመድ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ከዳሽቦርድ እስከ ኋላ ማዕዘን ተጠማዞ 6 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሁለቱ ፎጎች በሚወስዱት 3.5 አምፔር 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ብርሃኑም በ17 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ብክነቱ በግማሽ ይወርዳል። ፊውዙ ግን 20 አምፔር ነው! ለዚህ ሥራ 7.5 ይበቃል። በ20 ከሆነ ሽቦው ቢላጥና ቦዲ ቢነካ ከፊውዙ በፊት የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ሽቦ ሳይላጥ የሚጨመቀውን ሰማያዊ ክሊፕ ጨርሶ ተዉት፤ የኋላ ማዕዘን ውኃና አቧራ የማይለየው ቦታ ነው። በሊድ የተበየደና በሙቀት በሚጨማደድ ላስቲክ የተሸፈነ መገጣጠሚያ ይሻላል።

የማብሪያው አሠራርም ስህተት ነው። ለሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን መስመር ለሚያገናኘው ማብሪያ) 86 ቁጥር እግር የፓርኪንግ ሽቦ፣ በመካከሉም ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ታዛላችሁ። ደንቡ የኋላ ፎግ የሚበራው የፊት መብራት ወይም የፊት ፎግ ሲበራ ብቻ ነው ይላል። ተራው ማብሪያ ደግሞ እንደተጫነ ይቀራል፦ በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ባለበት ምሽት ሹፌሩ መብራት ሲያበራ ፎጉም አብሮ ይበራል፣ ከኋላ ያለው ዓይኑ ይታወራል፣ ሹፌሩ ግን አያውቅም። ዳሽቦርድ ላይ ግዴታ የሆነው ብርቱካናማ ጠቋሚ መብራት በዕቃው ውስጥ የለምና።

ሞክረን የሠራልን እንዲህ ነው። ሁለት ባለአራት እግር ሪሌ ያስፈልጋል፤ ከእግሮቹ 30 የኤሌክትሪኩ መግቢያ፣ 87 መውጫ፣ 85 እና 86 ደግሞ ሪሌውን የሚያዝዘው ጥቅል ሽቦ ሁለት ጫፎች ናቸው። የመጀመሪያው 30 ከፊት መብራት መስመር ይመገባል፤ 87 ከራሱ 86 ጋር ይታሰራል፤ ሲጫኑት ብቻ የሚያገናኝ ቁልፍ በ30 እና በ86 መካከል ይገባል፤ 85 ደግሞ ሲጫኑት በሚያቋርጥ የማጥፊያ ቁልፍ አልፎ ወደ ማሳ ይሄዳል። አንዴ ሲጫን ራሱን ይዞ ይቆያል። የፊት መብራት ሲጠፋ ይለቃል፣ ሌላ ጊዜ ሳይታዘዝ አይበራም። ሁለተኛው ሪሌ 86ን ከመጀመሪያው 87 ይወስዳል፣ 85 ማሳ ነው፣ 30 ከባትሪ በ7.5 ፊውዝ፣ 87 ወደ ፎጎቹና ወደ ጠቋሚው መብራት። አንድ ማስጠንቀቂያ በመመሪያው ይግባ፦ በብዙ ቶዮታዎች፣ በተለይ በቆዩት፣ የፊት መብራት አጭርና ረጅም የሚመረጠው በማሳው በኩል ስለሆነ 12 ቮልት ያሳየ ሽቦ ሁሉ አጭሩ አይደለም። በነዚህ ላይ ምልክቱ ከፊት መብራት ሪሌ መውጫ ይወሰድ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለሆነም 12ቱንም ጥንድ ተረክባችሁ ገንዘባችን እንዲመለስልን፣ ወይም የኤፍ ምልክት ባለው መብራት እንዲቀየርልን፣ ከካርቶኑም ላይ «ፎግ ያለው» የሚለው እንዲነሳ እንጠይቃለን። መልሳችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ከእኛ በፊት የገዙ ደንበኞቻችሁን ግን እስከዚያ አታቆዩአቸው፤ ቢጫውን ሽቦ ከፍሬን መስመሩ ነቅለው ጫፉን በቴፕ እንዲሸፍኑ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው።

ከሰላምታ ጋር
የጋራዡ የመኪና ኤሌክትሪክ ክፍል ባለሙያዎች